ከንቲባውና ጥሩምባ ነፊው

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የተደረገ)




የማኅበራችን ኮሚቴ በዚህ ምሽት አንድ ነገር እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ፥ «ስለ ምን?» ብዬ ብጠይቅ «ስለ ፈለግኸው» የሚል መልስ አገኘሁ። እንዲህ ያለው ነጻነት ለተናጋሪ ከባድ ሸክም ነው። ስለ ዓለም ሰላም ወይም ስለ ሥልጣኔ ጥቅም ለመናገር ይቻል ነበር፤ በእንዲህ ያለው ርእስ ላይ ተናግሮ የተነቀፈ ሰው የለምና። እኔ ግን ትንሽ ነገር መርጫለሁ። ይኸውም የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ ከነዋሪው ጋር የሚነጋገረው እንዴት ነው፥ ደግሞስ እንዴት ቢሆን ይሻላል የሚል ነው። ይህን ሳስብ በዓይነ ኅሊናዬ የምትመጣው ከተማ ሙዱላ ናት።

ከእናንተ መካከል ወደ ሙዱላ ሄዶ የማያውቅ ቢኖር ባጭሩ ልንገረው። ሙዱላ የጠምባሮ ሕዝብ ከተማ ናት። ከዚህ ከሆሳዕና በስተ ደቡብ ምዕራብ ትገኛለች፤ በስተ ደቡብዋ ወላይታ፥ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ደግሞ ዳውሮ አለ። ለብዙ ጊዜ በከምባታ ጠምባሮ ዞን ሥር የወረዳ ከተማ ሆና ኖራለች። የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጠምባሮ በልዩ ወረዳነት ገባ፤ ሙዱላም የልዩ ወረዳው መቀመጫ ሆነች። ቀድሞ ለክልል ጉዳይ አዋሳ ድረስ ይጓዝ የነበረው የሙዱላ ሰው አሁን ጉዳዩን ይዞ ወደ ሆሳዕና ይመጣል። መንገዱ አጥሮለታል ማለት ነው። የመንገድ ማጠርና የመልስ መፍጠን ግን ለየብቻ የሚታዩ ነገሮች ናቸው፤ የዛሬው ንግግሬም በሁለተኛው ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። «ከንቲባ» በአገራችን የቆየ ማዕረግ ነው፤ የደምብያና የጎንደር ገዥ ይጠራበት ነበር። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ የነበሩትን ገብሩ ደስታን እስከ ዛሬ «ከንቲባ ገብሩ» የምንላቸው የጎንደር ከንቲባ ስለ ነበሩ ነው። በዚያ ዘመን ሹም ለሕዝብ የሚናገረው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፥ ሰው ይሰበሰባል፥ ዐዋጁ ይነገራል፥ ሰው ይበተናል። ነጋሪት አፍ እንጂ ጆሮ የለውም። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ማሳተም ሲጀምር ስሙን «ነጋሪት ጋዜጣ» ማለቱ እጅግ የተስማማ አጠራር ነው፤ ቆዳው በወረቀት ተለወጠ እንጂ ጠባዩ ያው ነውና። በሕግ ጋዜጣ በኩል ይህ ነውር የለውም፤ ሕግ ሊነገር ይገባዋል። ነውሩ የሚመጣው ከንቲባ ከነዋሪው ጋር «ተወያየሁ» ብሎ ነጋሪት ጎስሞ ሲመለስ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። ከተሞቻችን በሕግ ደረጃ የተሰጣቸውና ምክር ቤት እንዲኖራቸው የተደነገገው በዚህ ዐዋጅ ነው። ይሁንና ከነዋሪው ወገን በምክር ቤት ለመቀመጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ቤት ተከራዩ፥ በጉልት ቁጭ ብላ ሽንኩርት የምትሸጠው፥ እንጨት ተሸክማ የምትገባው በከተማው ይኖራሉ እንጂ በከተማው ጉዳይ አይናገሩም። ከ30 ዓመት በኋላ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ቀበሌ የምንለው ማለት ነው። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት በቀበሌ ሥር ሆነ፤ ተከራዩም ተሰብሳቢ ለመሆን በቃ። እንዲህ ያለው ነገር በከተሞቻችን ታሪክ ከዚያ በፊት አልነበረምና ቀላል አድርገን አንየው። ግን ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ የመንግሥት ዓይንና ክንድ ሆነ። የቀይ ሽብር ዘመን መጣ፤ በስብሰባ የተናገረ በተናገረው፥ የቀረም በመቅረቱ የሚጠረጠርበት ጊዜ ሆነ። ዛሬ አንዳንድ አባቶቻችን «ስብሰባ አለ» ሲባሉ ኮታቸውን እየለበሱ ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቱ ከንቲባ «ሕዝቡ ለምን አይናገርም?» ብሎ ሲገረም ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ዝም ማለት የተማሩት በብዙ ዋጋ ነው።

አሁን ከማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ወጥተን ወደ ሰፈር እንግባ።

ሌሊት አንድ ሰው ያርፋል። ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ከመንገድ ማጠፊያው ላይ ይቆማል። ይነፋል፤ ከዚያም ይናገራል፦ የአቶ እገሌ እናት አርፈዋል፤ ቀብሩ በሰባት ሰዓት ነው፤ የእድሩ አባላት በሦስት ሰዓት ድንኳን ለመትከል ትወጣላችሁ። ይኸው ነው። መግቢያ የለው፥ ምስጋና የለው፥ «በዛሬው ዕለት በመካከላችሁ በመገኘቴ» የለው። ማን፥ መቼ፥ የት፥ ከእኛስ ምን ይጠበቃል የሚሉትን አራት ነገሮች ተናግሮ ወደ ሚቀጥለው ማጠፊያ ይሄዳል። አንዲት ሴት በር ከፍታ «የትኛው አቶ እገሌ?» ብትለው ቆሞ ይመልስላታል። «ጥያቄሽ ተገቢ ነው» ብሎ አይሄድም።

ነገር ግን የጥሩምባው ኃይል በጥሩምባው ውስጥ አይደለም። የእድሩ አባል ጥሩምባውን ሰምቶ የሚወጣው በወሩ ስብሰባ ላይ የሚሆነውን ስለሚያውቅ ነው። በወሩ ስብሰባ አስቀድሞ የሚሆነው ምንድን ነው? ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ ያነባል። እገሌ ይህን ጠይቆ ነበር፥ ለእገሌ ይህን አድርግ ተብሎ ነበር፥ ተደርጓል፥ አልተደረገም ይባላል። ገንዘብ ያዡ ይነሣና የገባውን የወጣውን ያሰማል። ወንበሩ ተቆጥሯል፥ ድስቱ ተመልሷል፥ ሁለት ብርጭቆ ጠፍቷል። ስለ ሁለቱ ብርጭቆ ሩብ ሰዓት ክርክር ይደረጋል። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች በዚህ ክርክር እንሥቃለን። እኔ ግን ደጋግሜ ሳስበው፥ ስለ ሁለት ብርጭቆ መልስ የሚሰጥ ማኅበር ስለ 2000 ብርም መልስ እንደሚሰጥ አባሉ በዚህ ያውቃል። ፖሊስ ሳይልክ፥ ደብዳቤ ሳይጽፍ፥ መዋጮው በየወሩ የሚገባው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ለሀዲያና ለከምባታ አገር ልጆች አዲስ የማይሆን፥ ለሌሎቻችሁ ግን የሚያስገርም አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ አገሮች ሕዝቡ ተስማምቶ ያቆመውን የጋራ ደንብ፥ ሽማግሌዎች የሚዳኙበትን ሥርዐት «ሴራ» ይሉታል። በአማርኛ «ሴራ» ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ተንኮል፥ በስውር የተሸረበ ክፉ ምክር ነው። እንግዲህ ከሌላ አገር የመጣ አንድ ሹም «የሰፈሩ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሴራ አላቸው» ሲሉት ምን ይሰማ ይሆን? አንዱ ወገን ሕግ አለን ይላል፤ ሌላው አድማ ተነሣ ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ለሣቅ ይሆናል፤ የቋንቋን ነገር ግን ከዚህ አሳጥሮ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የሙዱላ ገበያ ቋንቋ ግን ጠምባሮኛ ነው፤ ከወላይታ በኩል የመጣውም በወላይትኛ ይገበያያል። በአማርኛ ተጽፎ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለጸሐፊው፥ ለመምህሩ፥ ለነጋዴው ይበቃ ይሆናል። ቆጮ አዝላ ገበያ ለወጣችው እናት ግን ሰሌዳው ጥላ ከመስጠት ያለፈ አገልግሎት የለውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያቸውን በፌስቡክ ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ጥላውም ቀርቶባታል።

የሙዱላ ከንቲባ ለማን ነው የሚናገረው ብለን ስንጠይቅ፥ «ለከተማው ነዋሪ» የሚለው መልስ ሙሉ መልስ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ሙዱላ ያለ ከተማ የሚኖረው ከዙሪያው ባላገር ነው። በዝንጅብል ላይ የደረሰውን አስቡ። የጠምባሮና የሐደሮ አገር፥ እንዲሁም የወላይታና የዳውሮ ቆላ፥ ዝንጅብል አምርቶ የሚሸጥ አገር ነበር። በዝንጅብል ልጅ ተምሯል፥ በዝንጅብል የቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ዝንጅብሉን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ገባና ማሳውን ሁሉ አዳረሰው። ቅጠሉ ይገረጣል፥ ይጠወልጋል፥ ሥሩ ይበሰብሳል። ገበሬው ብቻ አይደለም የተጎዳው፤ ነጋዴው፥ ጫኝና አውራጁ፥ ሻይ ቤቱ፥ አከራዩ፥ የከተማው ገቢም አብሮ ጠወለገ።

ይህ በሽታ ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄደው በምን መንገድ ነው? በዋናነት ለዘር በሚገዛ የታመመ ሥር፥ በውሃ፥ በአፈርና በመሣሪያ ነው። እንግዲህ ዘር የሚገዛው የት ነው? በገበያ ነው። በገበያ ቀን፥ በገበያው መካከል፥ በገበያው ቋንቋ «ከታመመ ማሳ የወጣ ዘር አትግዙ፤ የታመመውም እንዲህ ይታወቃል» ብሎ የሚጮኽ አንድ ሰው፥ በሰሌዳ ከሚለጠፍ 100 ወረቀት ይልቅ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ማን ምን አደረገ ብዬ ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው። የከተማ ሹም ከሕዝብ ጋር መነጋገሩ ለጨዋነት ብቻ የሚደረግ ነገር ሊመስለን አይገባም ለማለት ነው። ወሬ ከበሽታ ቀድሞ ከደረሰ እንጀራ ያተርፋል።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። በአንድ ክረምት በአንዲት ከተማ፥ ስምዋን አልጠራም፥ ከንቲባው ነዋሪውን ሰብስበው ሲያነጋግሩ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ጥሪው ለሦስት ሰዓት ነበር፤ ስብሰባው ሲከፈት አምስት ሰዓት ሆነ። አስቀድሞ ሪፖርት ተነበበ፤ በመቶ ይህን ያህል፥ በመቶ ያን ያህል ተከናወነ ተባለ። መቶው ስንት እንደ ሆነ አልተነገረም። ከዚያ በኋላ «መድረኩ ክፍት ነው» ተባለና እጆች ወጡ። በመንገድ ዳር ሻይና ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ የእኛ ሰፈር ቦኖ ከፋሲካ ወዲህ ደርቋል። ውሃ ፍለጋ ወንዝ የምትወርደው ልጄ ትምህርት ቤት ታረፍዳለች። የሚጠገን ከሆነ መቼ ነው? የማይጠገን ከሆነ ንገሩንና አህያ ልግዛ።

ጓደኞቼ፥ በዚህች አገር በስብሰባ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የበለጠች ጥያቄ ናት። ሴትዮዋ ውሃ ስጡኝ ብቻ አላሉም፤ የማይመጣ እንደ ሆነም እውነቱን ልወቅና ኑሮዬን ላስተካክል አሉ። ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎችም ጠየቁ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ባንድነት ከተሰበሰቡ በኋላ ለሁሉም አንድ መልስ ተሰጠ፦ «የተነሡት ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ እንደ ግብዓት ወስደናቸዋል፤ ከሚመለከተው የበላይ አካል ጋር ተነጋግረን በሂደት እንመልሳለን።» አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ዝቅ ባለ ድምፅ «ካች አምናም እንዲሁ ወስደውት ነበር» አሉ። ውሃና ለስላሳ ሲታደል ሴትዮዋ ወጥተው ሄደዋል፤ የድንቹ ምድጃ ይጠብቃቸዋል። ስማቸውን የጻፈ ሰው አላየሁም። የት ሰፈር እንደ ሆነ እንኳ የጠየቀ የለም።

ስለ ከንቲባው ያለኝ አሳብ ክፉ አይደለም። ሰውየው ትሑት ነበሩ፥ አልተቆጡም፥ ማንንም አላቋረጡም። የትንሽ ከተማ ከንቲባ ኑሮም የሚያስቀና አይደለም። የከተማው ገቢ ጥቂት ነው፤ ታላላቁ ወጪ ከላይ የሚጠበቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዚህ በሀዲያ ዞን ደመወዛቸው ሳይከፈል በመቆየቱ መምህራን ሥራ እስከ ማቆም የደረሱባቸው ወረዳዎች እንደ ነበሩ በዜና ማሰራጫዎች ሰምተናል። በእንዲህ ያለው ወራት የትንሽ ከተማ ሹም ምን ይበል? ገንዘቡ በእጁ የለም። ስለዚህ «በሂደት» የሚለው ቃል መጠጊያ ይሆንለታል። እኔ ግን መጠጊያው ከዝናቡ የከፋ ነው እላለሁ። «የቦኖው ቧንቧ ተሰብሯል፤ መለዋወጫው ይህን ያህል ብር ያወጣል፤ በዚህ ቀን ጠይቀናል፤ መልስ አልመጣም፤ እስከ መስከረም ካልመጣ አህያውን ይግዙ» ቢባሉ፥ ሴትዮዋ ውሃ ባያገኙም መልስ ያገኛሉ። መልስና ገንዘብ አንድ አይደሉም። ገንዘብ የሌለው ከንቲባ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ረገድ ድህነት ምክንያት አይሆንም።

ይህን የምናገረው በአንድ ተጨማሪ ምክንያት ነው። በአገራችን የቀበሌ፥ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በየስፍራው የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የከተማ ምክር ቤታቸውን የመረጡት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች የብዙዎቻችሁ ዕድሜ በ2005 ዓ.ም. ስንት እንደ ነበረ ቁጠሩ፤ ገና ፊደል ትቆጥሩ ነበር። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ከንቲባው ባይመልስለት ተራውን ቆይቶ በካርዱ ይመልስለታል። ድምፅ የመስጫው ቀን ሲርቅበት ግን ለነዋሪው የቀረችው ያች በስብሰባ መካከል የምትወጣ እጅ ብቻ ናት። እርስዋም ከንቱ ከሆነች ሰው ወይ ቤቱ ይቀመጣል፥ ወይ መንገድ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ጸጥታ ይመስላል እንጂ ጸጥታ አይደለም፤ የሁለተኛውን ዋጋ ደግሞ በየአካባቢያችን አይተነዋል።

«ይህ ነገር በየት አገር ተደርጎ ያውቃል?» የሚለኝ አይጠፋም፤ በዚህ አዳራሽ የውጭ አገር ምሳሌ ካልተጠራ ንግግር ሙሉ እንደማይሆን ዐውቃለሁ። ሁለት ልጥራ። ከላይ ያነሣሁት የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጃችን በወጣበት በ1937 ዓ.ም.፥ የኒው ዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በየእሑዱ በከተማው ራዲዮ ለነዋሪው ይናገር ነበር። በዚያ ክረምት ጋዜጣ አመላላሾች ሥራ አቆሙና ሕፃናት በጋዜጣ የሚወጣላቸው የሥዕል ቀልድ ቀረባቸው። ከንቲባው በራዲዮ ፊት ተቀምጦ ቀልዱን ድምፁን እየለዋወጠ አነበበላቸው። አንዳንዶች ይህ ለታላቅ ከተማ ሹም አይገባም ሊሉ ይችላሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሰውየው የከተማው ሰው በዚያ ጥዋት ምን እንደ ጎደለበት ማወቁ ነው። ያም ሆኖ ራዲዮ ያው ነጋሪት ነው፤ ደግ አፍ ያለው ነጋሪት።

ሁለተኛው ለእኛ ይቀርባል። በብራዚል አገር ፖርቶ አሌግሬ የምትባል ከተማ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ነዋሪው በየሰፈሩ እየተሰበሰበ ከከተማው በጀት ከፊሉ በምን ላይ እንዲውል ይመክር ነበር። የምክሩ ዝና በዓለም ተሰምቷል፤ እዚህም በኤኮኖሚክስ ክፍል ሳይነበብ አይቀርም። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ግን የዓመቱ የመጀመሪያው ስብሰባ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ነው። የከተማው ሹማምንት ቆመው ባለፈው ዓመት ከተወሰነው ምን እንደ ተሠራና ምን እንደ ቀረ ይናገራሉ። ከዚህ በኋላ ነው አዲስ ጥያቄ የሚነሣው። ብራዚላውያን ይህን ከእኛ እድር አልተማሩትም፤ ነገሩ ግን ራሱ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ይነበባል፥ ብርጭቆው ይቆጠራል።

እንግዲህ እኔ ለሙዱላም ሆነ ለዱራሜ፥ ለሐደሮም ሆነ ለሾኔ የማቀርበው አሳብ አንድ መዝገብ ነው። ሰፊ፥ ጠንካራ ሽፋን ያለው፥ በየወረቀት ቤቱ የሚገኝ የተሰመረ መዝገብ። በስብሰባ ላይ የተጠየቀ ጥያቄ ሁሉ በዚህ ይጻፋል፤ የጠያቂው ስምም፥ ራሱ ከፈቀደ፥ ከነሰፈሩ ይጻፋል። ጠያቂው በጠምባሮኛ ከተናገረ ጥያቄው ተጽፎ በጠምባሮኛ ይነበብለትና «ያልሁት ይህን ነው» ይበል፤ ትርጉም በመንገድ ላይ ብዙ ነገር ይጥላልና። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲከፈት ሪፖርት ከመነበቡ በፊት ይህ መዝገብ ይነበባል። ጠያቂው ከሌለ መልሱ ወደ ሰፈሩ እድር ይላካል፤ እድሩ ጥሩምባ ነፊ አለው።

አንድ መምህራችን ይህን አሳብ አስቀድሜ ባዋየኋቸው ጊዜ፥ «ከንቲባው ይህን ለምን ይቀበላል? በራሱ ላይ ምስክር ማቆም ነው» አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በበኩሌ የማየው እንዲህ ነው። በትንንሽ ከተሞቻችን ከንቲባ ቶሎ ይለወጣል። አዲሱ ሲመጣ የተረከበው ወንበር፥ ማኅተምና መኪና ነው፤ ሕዝቡ የጠየቀውን ግን የሚያስረክበው የለም። ስለዚህ «የሚያንገበግባችሁ ምንድን ነው?» ብሎ እንደ ገና ይጠይቃል፤ ሕዝቡም ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ቦኖ ያነሣል፥ ወይም ሰልችቶት ዝም ይላል። አዲሱ ከንቲባ ዝምታውን አይቶ «እዚህ ከተማ ችግር የለም» ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ ቢኖር ግን የትኛው ጥያቄ ከእርሱ በፊት እንደ ነበረ፥ የትኛውም በእርሱ ዘመን እንደ መጣ ይታያል። ያልሠራውን ኃጢአት አይሸከምም። ወደ ሆሳዕና ወጥቶ በጀት ሲለምንም «ሕዝቡ ይህን ይፈልጋል» ከማለት «ይህን ጥያቄ ይህን ያህል ሰው በአምስት ስብሰባ ጠይቋል፤ ቀኑ ይኸው» ማለት ይችላል። ባዶ እጁን ከሚሄድ ይልቅ መዝገብ ይዞ የሚሄድ ሹም ይሰማል ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ከንቲባ ይቀበለዋል ግን አልልም። ጥቂት ይቀበሉታል፤ በጥቂት ይጀመራል።

ተማሪዎች በዚህ ውስጥ ምን አገባን ለምትሉ፥ ለተማሪ ይህ እንግዳ ሥራ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ በብዛት ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ ሄደው ሲመለሱ አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየን ብለዋል። እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። ክረምት ሲሆን ወደየቤታችን እንገባለን፤ በየከተማችንም ስብሰባ ይጠራል። ከዚያ ሄዶ ከኋላ ወንበር መቀመጥና የተጠየቀውን በእጅ ጽሑፍ በንጹሕ መገልበጥ ይቻላል። አማርኛና ያገሩን ቋንቋ አሳምሮ የሚያውቅ ጸሐፊ በከተማው ጽሕፈት ቤት ላይገኝ ይችላል፤ ከእናንተ መካከል ግን እዚህ ብቻ ከሃያ በላይ አያለሁ። ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የምንሄደው ልንጽፍ እንጂ ልንናገር አይደለም። የተማሪ ንግግር በከተማ ስብሰባ ላይ ሻይ ሻጭዋን ዝም ያሰኛታል፤ ከንቲባውንም ያስደነግጠዋል።

የማኅበራችን ጸሐፊ የመዝገቡን ገጽ በስቴንስል ቆርጦ ለማባዛት ተስማምቷል፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይቻላል። ስድስት ዓምድ አለው፤ የተጠየቀበት ቀን፥ ጥያቄው፥ ጠያቂውና ሰፈሩ፥ ጉዳዩ የተላከበት ቢሮ፥ የተሰጠው መልስ፥ መልስ ካልተሰጠ ምክንያቱ። ሥዕሉን ሲያሳየኝ ዓምዶቹን ሁሉ እኩል አድርጎ አስምሯቸው ነበር። የመጨረሻውን ሰፋ እንዲያደርገው ነግሬዋለሁ።